ለጥሩዬ፣ ስለ ወንድምሽ ዓይን

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣ አምላክ ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ቤቱ ግን እንዝርትሽ ስለማይሾርበት ጭር ብሏል። የምነግርሽ ክፉ ወሬ ነው። ወዳለሽበት ከሚመጣ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሁን ብዬ ነው።

አምና ገብሱን ውርጭ መታው። የሚበላው ያጣ ገበሬ ጋቢ አያሠራም፤ ነጋዴውም የፋብሪካ አቡጀዲ በርካሽ አወረደበት። መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው የሽመና ቤት ጌታ ከአሥራ አንዳችን ሰባታችንን በአንድ ጠዋት አሰናበተን። ወንድምሽን ዘለቀን ግን ሥራው ላይ አስቀረው። ስትሞቺ እጄን ይዘሽ አደራ ያልሽኝን ዘለቀን።

በማግስቱ ዱላ ይዘን ገባን። የተወጠረውን ድር በማጭድ ቆራረጥነው፤ ጌትዬው በጓሮ አመለጠ። ዘለቀ ግን እግሩን ከሰደደበት የሽመና ጉድጓድ አልወጣም።

«እጅህ ቢፈጥን አንተም ትቀር ነበር፣ አማቼ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሸማ የሚጠቀለልበትን እንጨት ነጥቄ ፊቱን መታሁት። ሲደፋ ደገምኩት። ደሙ ድሩን በከለው፤ አሁንም ደገምኩት። አንቺ ብትኖሪ፣ እንደ ልማድሽ ክንዴን ይዘሽ በስመ አብ በል ትዪኝ ነበር። ያን ቀን የያዘኝ የለም። ከመምታቴ ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ ጥሩዬ፣ ስመታው ደስ ያለኝ መሆኑ ነው። ይህንን ለንስሐ አባታችን እስካሁን አልተናገርኩም።

ግራ ዓይኑ ፈሰሰ። ዳኛው ሲጠይቀው ወድቄ ነው አለ። ጌታውም አንድ ዓይና ሸማኔ አልፈልግም ብሎ እሱንም አባረረው፤ አሁን በቤቱ ጉድጓድ ቆፍሮ ለብቻው ይሠራል።

በፋሲካ ማግስት ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ ሽማግሌዎች አስከትዬ ደጁ ቆምኩ። ስለ እግዚአብሔር ብለው ለመኑት። አንገቴ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር አቆየኝ።

«አውርደው» አለኝ በኋላ። «ይቅር አላልኩህም። የተበጠሰ ክር አይታየኝምና ግባና ቀጥልልኝ።»

ገባሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በግራው በኩል እቀመጣለሁ። አያናግረኝም። ክር ሲበጠስ እጁን ያቆማል፣ እኔ እቋጥራለሁ፣ እሱ ይቀጥላል።

እስካለሁ ድረስ አልረሳሽም፤ ያደረግሁትንም አልረሳም። በቤተ ክርስቲያን ስምሽን ባስጠራሁ ቁጥር የዘለቀን አስከትላለሁ። የራሴን ለማስጠራት ግን ገና አልደፈርኩም።