ጃኔልን ማን ሰረዛት?

ሸቦይገን፣ ዊስኮንሲን

ልጄ ጃኔል፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ክፉ አይይሽ። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። እኔን ግን ንዴቱ ምግብ አላስበላ ብሎኛል።

ስንት ዓመት ኳስ እያንከባለልን እንጨት የጣልንበት የኦርቪል ቦውሊንግ ቤት በየከተማው ቅርንጫፍ ላለው ኩባንያ ተሸጠ። ኮሪያ ከሄድሽ ጀምሮ ኦርቪል የቡድናችንን ስም ሲጽፍ አንቺን ዘሎ አያውቅም፤ በደንባችን ለቀረ ተጫዋች ከአማካይ ነጥቡ አሥር ተቀንሶ ይያዝለታል። ባለፈው ማክሰኞ ስንሄድ ግን ስምሽ የለም! አዲሱን ሥራ አስኪያጅ ብጠይቀው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ማዘር፣ ኮምፒዩተሩ የሌለ ሰው አይቀበልም» አይለኝም መሰለሽ?

«ልጄ ኮሪያ ናት እንጂ መቃብር አልገባችም!» አልኩት። ኳሴን አንጠልጥዬ ስወጣ ሁለቱ የቡድናችን ጓደኞቼም ተከተሉኝ።

አሁን ግማሽ ሰዓት ነድተን፣ ቬርና የምትባል ሴትዮ ቤት እንጫወታለን። ስድስት የመጫወቻ መስመር ብቻ ናት ያላት። የመጀመሪያ ቀን «ስንት ናችሁ?» አለችን። ሦስት ሆነን ቆመን «አራት» አልናት። ጠመኔዋን አነሳችና «የአራተኛዋስ ስም?» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

የያዝሽው ሁሉ ይስመርልሽ። እባክሽ ልጄ፣ አውራ ጣትሽን በክር ለክተሽ ክሩን በፖስታ ላኪልኝ። ቬርና የኳስሽን የጣት ቀዳዳ በልክሽ ልትበሳልሽ ነው።

እናትሽ አርዲስ