የአቶ ሀብተሚካኤል ኃይለመስቀል ሕይወትና አምስቱ የድኩላ ቆዳዎች

አቶ ሀብተሚካኤል ኃይለመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምሸት በላቸው በባሌ፣ በጎባ ከተማ፣ ኅዳር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የመልአኩ በዓል ስለ ነበር ስማቸው ከዚያው ወጣ። ዛሬም በዚያው በዓል፣ ከተወለዱበት ተራራ ርቀው፣ በካምፓላ አፈር ያርፋሉ።

ይህን ታሪክ የጻፈው የባለቤታቸው የወይዘሮ ታደለች ቢራቱ ታላቅ ወንድም አድማሱ ነው። ወይዘሮ ታደለች እንዲጽፍ ሲፈቅዱለት ሁለት ነገር አዘዋል፤ ራሱ ቆሞ እንዲያነበው፣ የራሱንም ስም እንዳይዘልል። በሟቹ ታሪክ ውስጥ የጸሐፊው ስም ሲነሳ የምትሰሙት ምክንያቱ ይህ ነው።

አቶ ሀብተሚካኤል በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው ደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን የሚመሩ አዳኝ ነበሩ። ሙያውን ከእሳቸው ወረሱ። በ1963 ዓ.ም. በዱር እንስሳት ጥበቃ ተቀጥረው ሃያ ዓመት ሠሩ። ኮቴ አይተው ዕድሜ ይናገሩ ነበር፤ ወንዱ ከመንጋው ተገፍቶ ብቻውን መኖር ከጀመረ ስንተኛ ክረምቱ እንደ ሆነ ከፋንድያው ያውቁ ነበር ይባላል። አድማሱ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ የተጋነነ ይመስለው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ ታደለች ጋር በጎባ ተጋብተው ሔሊናንና ዳግማዊን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሥራቸውን አጡ። ቤተሰባቸውን ይዘው በኬንያ በኩል ተሰደዱና በ1986 ዓ.ም. ካምፓላ ገቡ። አድማሱ ከእነሱ ቀድሞ መጥቶ ስለ ነበር፣ በማኬሬሬ ኮረብታ ሥር ከተማሪዎች ጋር በሚከራያት ቤት ተቀበላቸው። እሱና የእኅቱ ቤተሰብ በአንዲት መጋረጃ ተለያይተው ሁለት ዓመት ኖሩ። በዚያ ጊዜ በሁለቱ ወንዶች መካከል ክፉ ቃል አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. አንድ የአደን ድርጅት አቶ ሀብተሚካኤልን በመሪነት ቀጠራቸው። ሥራው ከከተማው የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ የከብት ግጦሽ ሜዳ ላይ ነበር። የሥራ ጓደኛቸው የባሌው ሸምሰዲን ነበሩ። የሚታደነው በብዛት ድኩላ ነው። ሕጉ ቀንዱ ከተወሰነ ልክ ያለፈውን ወንድ ሁሉ መግደል ይፈቅዳል። አቶ ሀብተሚካኤል ግን የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ጠጉሩ የጠቆረ፣ የቀንዱ ጫፍ ተልጎ የደነዘዘ፣ ዘሩን ተክቶ የጨረሰ ሽማግሌ ካልሆነ ደንበኛ ወደ እንስሳው አያስጠጉም። አንድ ጊዜ በ1998 ዓ.ም. የግራ ጆሮው የተሰነጠቀ ጎረምሳ ድኩላ በየዕለቱ እየታየ ሳለ፣ አንድ ደንበኛ ተኩሶ እንዳይጥለው ቀኑን ሙሉ ነፋሱን በጀርባቸው ይዘው አዞሩት። ድኩላው ጠረናቸውን እየሰማ በሸሸ ቁጥር ደንበኛው ይሳደብ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዝኑለት ነበር። ይህን ራሳቸው ሲያወሩት ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አድማሱ ግን አይስቅም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ጽዋ በቤቱ ሲጠጣ በሰው ፊት እንዲህ አላቸው፦ «ለቀንድ ተብሎ ነፍስ ማጥፋት ምን የሚሉት ነው? የራበው ሰው ሕግ የፈቀደለትን ወንድ ይገድላል፣ አመስግኖ ይበላል፤ አለቀ። ሽማግሌ ነው፣ ጎረምሳ ነው እያሉ መምረጥ የጥጋብ ነው።»

አቶ ሀብተሚካኤል ጽዋቸውን ካስቀመጡ በኋላ መለሱ፦ «አንተ ለሆድህ ትመርጣለህ፣ እነሱ ለግድግዳቸው ይመርጣሉ። ስለ ድኩላው የሚመርጥ አንድ ሰው ቢኖር ምን ጎዳህ?»

«ስለ ድኩላው ከሆነማ ተወው እንጂ ለምን ታስገድለዋለህ?»

«እኔ ብተወው ሌላ መሪ ያገኘውን ሁሉ ያስገድላል፤ ትንሹንም።»

ሰዉ ሳቀ። አድማሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሰው ከሁለት በኩል ይበላል ብሎ በልቡ ያዘ።

እዚህ ላይ አደን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መነገር አለበት። ክርስቲያን የታደነ እንስሳ ሥጋ የሚበላው እንስሳው ነፍሱ ሳይወጣ ተደርሶበት፣ በስመ አብ ተብሎ ጉሮሮው ሲቆረጥ ነው። ያለዚያ በክት ነው። ለግድግዳ ጌጥ የሚገድል ደንበኛ ግን የእንስሳውን የራስና የአንገት ቆዳ ሳይነካ ይፈልገዋል፤ ጉሮሮው ላይ ቢላዋ ካረፈ ቆዳው ተበላሸ ይላል። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቱ እንስሳ የአገሬው ሠራተኞች ሲበሉ፣ ክርስቲያኑ ሀብተሚካኤልና ሙስሊሙ ሸምሰዲን ዳር ተቀምጠው ፖሾ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ይበሉ ነበር።

ይሁንና ከ1995 እስከ 1999 ዓ.ም. በየፋሲካው አቶ ሀብተሚካኤል የአንድ ድኩላ ሥጋ በማዳበሪያ አስጭነው ወደ ካምፓላ ይመጡ ነበር። የበሬ ቅርጫ መግባት ያልቻሉ ስደተኛ ቤተሰቦች በእሳቸው ሥጋ ፈሰኩ። አድማሱም በላ። ሲበላም ማዳበሪያው ውስጥ ራስና አንገት እንደሌለ ያይ ነበር።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. አቶ ሀብተሚካኤል ከሥራ ወጡ። ለምን እንደ ወጡ ለማንም፣ ለባለቤታቸውም እንኳ አልተናገሩም።

በጥቅምት 2000 ዓ.ም. አድማሱ ስፔሻል የሚባለውን የኮንትራት ታክሲውን እየነዳ ደንበኛ ወደ ኮሎሎ ሰፈር አደረሰ። ቤቱ የዚያው የአደን ድርጅት ቢሮ ነበር። በመግቢያው ላይ ወደ ውጭ አገር ሊላክ የተዘጋጀ የድኩላ ራስ ከነአንገቱ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ የመሪው ስም ሀብተሚካኤል ተብሎ ተጽፏል፤ የተገደለበትም ቀን የ1999 ዓ.ም. ቅዳሜ ሹር ነበር። አድማሱ ጠጋ ብሎ ጉሮሮውን በጣቱ ዳሰሰው። ምንም የቢላዋ ምልክት የለበትም። አንድ ድኩላ አንድ አንገት አለው፤ ይህ አንገት ካልተቆረጠ እኛ በፋሲካ የበላነው በክት ነው ብሎ ፈረደ። ቀንዱ ወፍራምና ጫፉ የደነዘዘ፣ ፊቱና አንገቱ ግን ደማቅ ቀይ እንደ ነበር፣ የግራ ጆሮውም እንደ ተሰነጠቀ አይቷል። አይቶ ግን አላስተዋለም።

በዚያው ሳምንት ለማኅበሩ ተናገረ። አቶ ሀብተሚካኤል ተጠርተው በካህኑ ፊት ሲጠየቁ «በስሙ አርጄዋለሁ» አሉ።

አድማሱም «እንግዲያው ማል» አላቸው።

«ቃሌን ያላመንክ መሐላዬን ምን ታደርገዋለህ?»

«የሚያስፈራህ ነገር ባይኖር ኖሮ ትምል ነበር።»

አቶ ሀብተሚካኤል ቆባቸውን አንሥተው ወጡ። ካህኑ እንዳይፈረድባቸው ቢለምኑም ሰው በአድማሱ ቃል ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማኅበሩ ጽዋ ወደ ቤታቸው አልገባም። ተራው በደረሰ ቁጥር እየተዘለለ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ዓመታት አድማሱ በእኅቱ ቤት እህል አልቀመሰም። እኅቱ ሲወልዱ ያላረፉ፣ ሲሰደዱ ያልደከሙ ሴት ናቸው፤ ወንድማቸው እጃቸው የሠራውን ወጥ ሳይነካ ሲወጣ ግን ከበሩ ጀርባ ሲያለቅሱ ልጃቸው ሔሊና አይታለች።

አቶ ሀብተሚካኤል ከዚያ ወዲህ በናጉሩ ሰፈር የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆነው ሰባ ዓመት እስኪሞላቸው ሠሩ። ሔሊናን በነርስነት አስተማሩ፤ ዳግማዊም በጁባ ንግድ ጀመረ። በየእሑዱ ያስቀድሱ ነበር፤ የሚቆሙት ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። አድማሱ ይህንንም በደል የሚሠራ ሰው አቋቋም ነው ብሎ ተረጎመው።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ሰባ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በቤታቸው ዐረፉ። ዳግማዊ ከጁባ እስኪደርስ ቀብራቸው ለዛሬ ተላለፈ።

ለለቅሶ ተቀማጭ ቦታ ለማስፋት ዕቃ ሲነሣ ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ተገኘ። በውስጡ በጨው የደረቁ አምስት የአንገት ቆዳዎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ጀርባ በእጃቸው ዓመቱ ተጽፏል፤ 1995፣ 1996፣ 1997፣ 1998፣ 1999። አምስቱም ጉሮሯቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጠዋል። የመጨረሻው ከሁሉም የጠቆረ ነው። ከቆዳዎቹ ሥር የስንብት ደብዳቤ ነበረ። ሔሊና ከእንግሊዝኛው መልሳ አነበበችው፦ «በቅዳሜው አደን ተከልክለው ሳለ የደንበኛውን እንስሳ ጉሮሮ በመቁረጥ ቆዳውን አበላሽተዋል። በምትኩ በሕግ የተፈቀደ ሌላ ወንድ ድኩላ ተገድሎ ቆዳው ተወስዷል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል።»

አድማሱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበ። ከዚያ ይህንንም ጠረጠረ። የሞተ እንስሳ ቆዳ ቤት ወስዶ መቁረጥ ምን ይከብዳል ብሎ አሰበ። አምስቱን ጠቅልሎ ሸምሰዲን ዘንድ ሄደ።

ሸምሰዲን ቆዳዎቹን አይተው ምን እንደ ሆኑ ወዲያው አወቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሞቶም አልለቅህ አለ?» አሉት። ቀጥለውም የቁርጡን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ገለጡለት። «በሕይወት የተቆረጠ ቆዳ ጠርዙ ወዲያና ወዲህ ይሸሻል፤ ደሙም ጠጉሩ ሥር ይገባል። ይኸው፣ እይ። ደግሞ እግሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሱ በስመ አብ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን አሰልምሃለሁ እያልኩ እቀልድበት ነበር። እሱ ያረደውን እኔ አልበላም፤ እሱ በፋሲካ ሥጋ ሲጭን እኔ ባቄላዬን እበላ ነበር።»

ሸምሰዲን እንደ ነገሩት፣ የፊተኞቹ አራት ደንበኞች የፈለጉት ቀንዱን ብቻ ስለ ነበር ማረዱን አልከለከሉም። አምስተኛው ግን ከለከለ። ቀኑ ቅዳሜ ሹር ነው፤ ሌላ ድኩላ የለም፤ ካምፓላ ላይ ሰው ይጠብቃል። አቶ ሀብተሚካኤል ሮጠው አረዱት። በሦስተኛው ቀን ድርጅቱ ሌላ መሪ ልኮ፣ ያበላሹትን ቆዳ የሚተካ ጎረምሳ ድኩላ አስገደለ። ቆዳውን ለሽማግሌው ቀንድ አለበሱት። ጎረምሳው የግራ ጆሮው የተሰነጠቀ ነበር።

አድማሱ ይህን ሲሰማ ኮሎሎ ላይ በጣቱ የዳሰሰው አንገት የማን እንደ ነበር ገባው። «ታዲያ ለምን ዝም አለ? አንድ ቃል ቢናገር እኮ ይበቃ ነበር!» አለ።

ሸምሰዲንም እንዲህ አሉ፦ «ሥጋው ንጹሕ ነው ቢላችሁ እልል ትሉ ነበር። እሱ ደግሞ ያንን ጎረምሳ ቆዳው ሊገፈፍ ተሰቅሎ አይቶታል። ዓመት ሙሉ ያዳነውን በገዛ ቢላዋው አስገደለው። ከእናንተ ጋር እልል ማለት አልቻለም፤ ይኸው ነው።»

አድማሱ ከዚያ በኋላ ሌላ የሚጠረጥረው ነገር ፈልጎ አላገኘም፤ የቀረው ራሱ ነበር። የፋሲካው ሥጋ በስሙ የታረደ ነበር። ይህን ሰው ሁሉ በሰማው ልክ፣ ያስወራው አድማሱ በሁላችሁ ፊት ይመልሳል። ከሁለቱ አሳብ፣ ሽማግሌውን ከመምረጥና ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ከመግደል፣ የትኛው ጽድቅ እንደ ሆነ አድማሱ ዛሬም አያውቅም። አቶ ሀብተሚካኤል ግን የመረጡትን ነገር ዋጋ ራሳቸው ሲከፍሉ እንደ ኖሩ፣ እሱ ደግሞ አጣርቶ ሳያይ እንደ ፈረደ ያውቃል።

አቶ ሀብተሚካኤል የአንዲት ሚስት ባል፣ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች፣ ልጆቻቸው ሔሊናና ዳግማዊ፣ የልጅ ልጆቻቸው አርሴማ፣ አማንና ምስጢር፣ ጓደኛቸው ሸምሰዲንም በኀዘን ላይ ናቸው።

የዚህ ወር የማኅበሩ ተራ የአድማሱ ነው። ጽዋው ዛሬ ከቀብር መልስ ወደ ወይዘሮ ታደለች ቤት እንዲገባ እኅቱን ለምኗል። እሳቸውም «መጀመሪያ አንብበው፤ ከዚያ መጥተህ በቤቴ ትበላለህ፤ የዚያን ጊዜ አያለሁ» ብለዋል። አድማሱ ይመጣል።

በስሙ የተጠሩበት መልአክ በበዓሉ ቀን ይቀበላቸው። በምድር ቃላቸውን ያላመነላቸውን ሰው እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እሳቸውን ግን ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አሜን።