የለመንኩት ዓመት

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። ኬሚስትሪ የሙከራ ፈተና ተመለሰልን። ከሃያ አስራ አንድ።

አባዬ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ጠየቀኝ። «ስንት አመጣሽ?» አስራ አንድ። «ከስንት?» ከሃያ። «ታዲያ ከግማሽ በላይ ነዋ! ምን ያስለቅስሻል?» ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ግማሽ ራስ ተላጭቶ የሚሄድ ደንበኛ የለም ብዬ ልመልስለት ነበር። ተውኩት። ሕክምና ለመግባት ከአስራ ስምንት በላይ ያስፈልጋል። ራሉ እንኳ፣ ጎኔ የምትቀመጠው፣ አስራ ሰባት አምጥታ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ ነበር።

ማታ እማዬን ለመንኳት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ጁን ላይ አልፈተን፣ ለከርሞ ላድርገው አልኳት። ሕጉ አይከለክልም። አንድ ዓመት ብቻ… እንቅልፍ ተኝቼ፣ ረጋ ብዬ ባጠና… ከምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ገና መግባቷ ነበር፣ እጇ በሳሙና ነጥቷል። ወደ ደረጃው ጎትታ አወጣችኝ፣ አባዬ እንዳይሰማ።

«ከርሞ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም» አለችኝ። «የፓትራው ሐኪም ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? በጋውን ካለፈ ጥሩ ነው አለኝ። ምናልባት እስከ መኸር። አባትሽ ስትፈተኚ ማየት ይፈልጋል። ገባሽ?»

ገባኝ። ሳንባው መሆኑን አውቅ ነበር፣ በጋውን ግን አላውቅም ነበር።

ታዲያ ለምንድነው አሁንም ለከርሞ ቢሆን የምለው? ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?


ማርች 11

ከባሕሩ ማዶ ትልቁ ከተማ፣ ፓትራ ሆስፒታል፣ ከአባዬ ጋር። እማዬ ከሥራ ከቀረች ያባርሯታል፤ ስለዚህ በየሕክምናው ቀን እኔ ነኝ የማጅበው። ድልድዩን ስንሻገር አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ ማጅራት በዓይኑ ሲለካ ቆየና «ይሄን የቆረጠው ሰው እስር ቤት መግባት አለበት» አለኝ በጆሮዬ። ሰውዬው ሰማ መሰለኝ፣ ዞር አለ።

መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲል እኔ ባዮሎጂ አጠናለሁ። ስለ ሴሎች መባዛት የሚለው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ። እሱ ሲያንቀላፋ አየዋለሁ፣ መጽሐፉን አያለሁ… አንድም ነገር አልገባ አለኝ።

ከሆስፒታሉ ወረቀት አጽፌ ለትምህርት ቤት ሰጠሁ። እንደ ሁልጊዜው።


ማርች 12

ዛሬም ፓትራ። ምንም አላጠናሁም።


ኤፕሪል 2

ዛሬ ጉድ ፈላ። እራት ላይ፣ የጾም ምስር ቀርቦ፣ አፍ አውጥቼ ተናገርኩ። የማን ሕይወት ነው? ተዘጋጅቼ ሳልጨርስ ገብቼ ብወድቅ ማን ነው የሚደሰተው? እማዬ ማንኪያዋን ወረወረች። «ዛሬ ነገ ስትይ ሰውዬው ያልቃል!» አለች። ጮክ ብላ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ከውስጥ የአባዬ ድምፅ መጣ። «ስማሮ፣ ነይ እስቲ።»

ገባሁ። ተቆጥቷል ብዬ ነበር። የአልጋውን ጫፍ መታ መታ አደረገልኝ፣ እንድቀመጥ።

«ስንትም አምጪ» አለኝ። «አስር አምጪ። አምስት አምጪ። ብቻ ገብተሽ ስትወጪ ልይሽ።»

«ብወድቅስ አባዬ?»

«ከወደቅሽ ወደቅሻ። እኔ የመጀመሪያ ደንበኛዬን ጆሮ ቆርጫለሁ። አሁንም ሲያየኝ ጆሮውን ይይዛል፣ ግን ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ አያውቅም።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? እሺ ብዬ ወጥቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።


ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

እንደ ፋሲካው ልማድ ቀይ የተቀቡ እንቁላሎች አጋጨን፣ የአባዬ የሁላችንንም ሰበረ። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ተወው። እማዬ ቄሱ ለተፈታኞች የባረኩትን እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ያየሁት ልጅ ሁሉ እንደዚህ ዓይነት ይዟል። ሁላችንም ከተባረክን ማን ሊወድቅ ነው?


ኤፕሪል 29

ትምህርት ቤት ትናንት ተከፍቷል፣ የኛ ክፍል ግን ባዶ ነው። ከፋሲካ በኋላ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ክፍል አይገባም፣ ቤቱ ተቀምጦ ለፈተናው ያጠናል። ለዚህ ሲሉ ነው ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቀሩ የሚከርሙት፤ የተፈቀደውን ቀሪ በሙሉ ለዚህ ሰሞን ያስቀምጡታል። መምህራኑም ያውቃሉ፣ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

እኔም ቤት ቀረሁ። በመስኮት ፀሐይ ይገባል፣ አባዬ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ ይሰማል። ብቻዬን የሠራሁት የኬሚስትሪ ሙከራ አስራ አራት! ለካ ጊዜ ካገኘሁ እችላለሁ… ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምናልባት ዘንድሮም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።


ሜይ 7

መምህርት ኢቫንቲያ ደወሉ። የክፍላችን ኃላፊ ናቸው።

«ስማራግዳ፣ የት ነው ያለሽው?» በሙሉ ስሜ ነው የሚጠሩኝ።

«ቤት፣ እያጠናሁ።»

«ልጄ፣ ቀሪሽ ልኩን ሊያልፍ ነው።»

ሳቅኩ። የሆስፒታሉ ወረቀቶች አሉ እኮ፣ ሁሉንም አስረክቤያለሁ አልኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው… ወረቀቱ የሚያገለግለው የታመመው ተማሪው ራሱ ሲሆን ነው። የአባት በሽታ አይቆጠርም። እሳቸውም እስከ ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ይቀበሉታል ብለው ነበር። አልተቀበሉም።

«ከነገ ጀምሮ አንድ ቀን እንዳትቀሪ። አንድ ቀን! ልኩን ያለፈ ክፍል ይደግማል፣ ለፈተናውም አይቀመጥም። ትምህርት ሊዘጋ የቀረው ትንሽ ነው፣ በርቺ።»

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። አንድ ሐሳብ መጣብኝ፣ ልጽፈው ነው፣ ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው። አንድ ቀን ብቀር ይበቃል ማለት ነው። ማንም እኔን አይወቅስም፣ ዓመቱ ይተርፈኛል… እንዲህ አሰብኩ። አባቴ ከግድግዳው ማዶ እያሳለ።


ሜይ 8

ክፍል ውስጥ እኔና ካርታ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች። መምህሩ ጋዜጣ ያነባሉ። ከኋላ ተቀምጬ ፊዚክስ ሠራሁ።


ሜይ 14

እማዬ ገና ሳይነጋ ወጥታ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል የወንበር መውደቅ ሰማሁ። አባዬ መሬት ላይ ነው፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ሸሚዙ ላይ ደም።

አምቡላንስ ጠራሁ። መምጣታቸውን አላስታውስም። ውስጥ ሆነን፣ ኦክስጅኑን ከአፉ ገለል አድርጎ «ትምህርት ቤትስ?» አለኝ።

«ዛሬ ዝግ ነው አባዬ።»

«በረቡዕ?»

«አዎ፣ መምህራኑ ስብሰባ አላቸው።»

አልመዘንኩም። ሰው አባቱ ደም እየተፋ ይመዝናል? ደግሞ እማዬን መጥራት እችል ነበር… የላይኛዋን ጎረቤት መጥራት እችል ነበር። ማንንም አልጠራሁም። ለምን? አሁን ተኝቷል፣ ይተነፍሳል።


ሜይ 19

የመምህራኑ ጉባኤ ዛሬ ወሰነ። እደግማለሁ፣ ፈተና የለም። መምህርት ኢቫንቲያ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። «እጄን አውጥቼ ተከራከርኩ፣ አልሆነም» አሉኝ። ካቀፉኝ በኋላ እኔ ነኝ ያባበልኳቸው።

እማዬ ስትሰማ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ አለች።

«ደስ አለሽ?» አለችኝ።

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ምክንያቱም… ምክንያቱም መልሱን አላውቀውም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ የተመኙትም ይደርሳል ለካ።

በኋላ ፊቷን ታጠበች። «አባትሽ ይህን አይሰማም» አለች። «በፈተናው ቀን እንደ ሰው ልጅ ለብሰሽ ትወጫለሽ፣ በሰዓቱ ትመለሻለሽ። ይኸው ነው።»


ሜይ 30

የመጀመሪያው ፈተና ቀን፣ ቋንቋ። አባዬ ከሆስፒታል ከወጣ ሳምንቱ ነው። ደግፈነው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ነይ» አለኝ፣ ማበጠሪያውን ይዞ። ፀጉሬን ራሱ አበጠረልኝ። መሐሉን ቀጥ አድርጎ ነው የከፈለው። «የሐኪም ራስ» አለ። እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወጣሁ። የት እሄዳለሁ? እግሬ ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰደኝ፣ ከክረምት ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። መዝጊያውን በግማሽ ከፍቼ ሹልክ ብዬ ገባሁ። ፊት ለፊት ያለው ባለ ኪዮስክ አይቶኛል፣ ሲጋራውን አፉ ላይ እንደያዘ አንገቱን ደፋ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ አባዬ ብቻ ነው የማያውቀው።

የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጥያቄዎቹ ዜና ላይ ወዲያው ወጡ፣ በስልኬ አየኋቸው። ድርሰቱን ጻፍኩ። ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ ራሴን ላለማየት አጎንብሼ።

ስመለስ ሦስት ጎረቤቶች አባዬ ዘንድ ተቀምጠዋል። «እህሳ፣ እንዴት ነበር?» አሉኝ፣ እያወቁ። ተዋናዮች! ርዕሱን ነገርኳቸው፣ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አባዬ ግን «ስንት ገጽ ጻፍሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ አራት ስለው በደስታ ሲስቅ ሳል ያዘው።


ጁን 4

ባዮሎጂ። ፀጉር ቤት ውስጥ። ሁሉንም መለስኩ፣ አንድ ሳይቀር። ለማን?


ጁን 27

ውጤት ወጣ። ራሉ ሕክምና የሚያስገባ አምጥታለች። ደውላ አልነገረችኝም፣ ከሌላ ሰው ሰማሁ። አልፈረድኩባትም።

እማዬ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ገባሁ በይው። ምን ይቸግርሻል? አንድ ቃል ነው። ደስ ብሎት ይሂድ።»

ልለው ነበር የገባሁት፣ ማርያምን። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ተላጭቷል፣ አንገቱ ላይ ምላጩ ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ለውጤቱ ብሎ ነው የተላጨው።

«ስንት?» አለ።

አፌ እምቢ አለኝ። «አልተፈተንኩም አባዬ።» ከዚያ ሁሉም ነገር ወጣ፤ አምቡላንሱ፣ ቀሪው፣ ፀጉር ቤቱ…

ይቅር ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ፊቱ ጠቆረ። «ውጪልኝ» አለ።


ጁን 28

አላናገረኝም። እማዬም አላናገረችኝም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኦክስጅኑ ማሽን ብቻ ነው።


ጁን 30

ጠራኝ። ቆሜ ሰማሁት።

«ያን ቀን ጥለሽኝ ብትሄጂ ምን ነበር? ሬሳ አጅቦ ዓመት የሚያቃጥል አለ?»

«ሬሳ አይደለህም።»

«እየደረስኩ ነዋ!»

ያኔ ያቺን ክፉ ሐሳብ ነገርኩት። መቅረት እመኝ እንደነበር። ለከርሞ እንዲሆንልኝ እለምን እንደነበር። ከነገርኩት በኋላ መሬቱን አየሁ።

«እንግዲህ አገኘሻት» አለ። «ዓመትሽን አገኘሻት። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካክዬለት ወጣሁ።


ኦገስት 15

የእመቤታችን በዓል፣ ደወል ሲደወል ዋለ። አባዬ አሁን ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ኬሚስትሪ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ እሱ ነው ያዘዘኝ። አይገባውም። ስሳሳት ግን ያውቃል፣ ድምፅሽ ይቀየራል ይለኛል። «ድገሚው» ይላል ዓይኑን ሳይገልጥ። እደግመዋለሁ።

በጋው ሊያልቅ ነው። እያንዳንዱን ቀን እጠላዋለሁ፣ ስለሚመሽ።


ሴፕቴምበር 11

ትምህርት ተከፈተ። ቄሱ ጸበል ረጩን፣ ከኔ ባነሱ ልጆች መሐል ቆሜ ነበር። ራሉ ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ትሄዳለች፣ ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር፤ ሁለታችንም ስለ ፀጉሯ ብቻ አወራን።

ቤት ስገባ ነቅቶ ጠበቀኝ። ፊቱ ትንሽ ሆኗል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሱ።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ፈተናሽ ነዋ።»

«ጁን፣ አባዬ።»

ጣሪያውን አየ። «ሩቅ ነው» አለ። በቁጣ አይደለም። ሰው መንገድ ጠይቆ ሲነገረው እንደሚለው ነው ያለው።

ነገ ቢሆን ነገ እፈተን ነበር። አምስት ባመጣ፣ ዜሮ ባመጣ ግድ የለኝም፣ ነገ በሩ ላይ ቆሞ… መቆም የለም፣ ተኝቶ፣ ብቻ ስገባና ስወጣ ቢያየኝ። ያ የለመንኩት ዓመት ይኸው በእጄ ነው፣ ማንም አይወስድልኝም።

«ዘንድሮ ግን ቀይረውታል» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ወደ ገና አምጥተውታል።»

ዓይኑ ወደኔ ዞረ። «ማን?»

«መንግሥት።»

«መንግሥት አንድ ቀን እንኳ ቀልቡ ተመለሰ!» አለ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

ወራቱን በጣቱ ቆጠረ፣ ሲያስብ፣ ሲያሰላ። «ገና…» አለ። «ለገናማ እደርሳለሁ።»

አምኖኝ ነው? አላውቅም። ልጠይቀው አልደፍርም። እጁን ይዤ እንደተቀመጥኩ ጣቶቼን ጨመቃቸው፣ የቀረውን ጉልበት ሁሉ አድርጎ።

«ታዲያ ምን ይጎልትሻል?» አለኝ። «መጽሐፉን አምጪያ። ጊዜ የለንም እኮ።»