እንግሊዝኛው በሀዲይኛ ሲወጣ

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዓርብ መምህራችን እንግሊዝኛ ለምን እንደምንማር ሲጠይቀን ክፍሉ በሙሉ "ለሥራ" አለ። እኔም አብሬ አልኩ።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን ከኬንያ የመጣች ሰባኪ ነበረች። አስተርጓሚው ከቦኖሻ ከተማ ሲመጣ መኪና ተበላሽቶበት ቀረ። ፓስተራችን ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። "ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምትማሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ነይ ወደ መድረክ!" ወጣሁ።

ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተናገረች፣ እኔም ተረጎምኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ምን አጠፋሁ ብዬ ሳስብ ነው የገባኝ። እኛ ጋ ስብከት ሁልጊዜ የሚተረጎመው ወደ አማርኛ ነው፤ እኔ ግን ደንግጬ የቤታችንን ሀዲይኛ ለቅቄዋለሁ! "ይቅርታ" ብዬ ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል ከኋላ ወንበር እማዬ ብድግ አለች።

"እንዳትቀይሪው! እንደዚያው ቀጥዪ!"

እማዬ፣ ሰው ፊት ድምፅዋ የማይሰማው! አሮጊቶቹ እየሳቁ አጨበጨቡ። ፓስተሩ ሌላ ማይክ አነሳና የእኔን ሀዲይኛ ራሱ ወደ አማርኛ እየመለሰ እስከ መጨረሻው ሦስት ሆነን ሰበክን። ሰባኪዋም ምን እንደተፈጠረ ሳይገባት አብራን ሳቀች።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እማዬ ክንዴን እንደያዘች፣ "እንግዳ በመጣ ቁጥር ስንት ዓመት አሜን ብያለሁ። ለምን አሜን እንዳልኩ ያወቅሁት ዛሬ ነው" አለችኝ።

ነገ ክፍል ስገባ መልሴን እቀይራለሁ።