የጀልባችን ሁለት ዓይኖች

ለከተማችን የወንዝ ዳር ማስዋቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ኪየም

የባለቤቴን ጀልባ ሁለት ዓይኖች በነጭ ቀለም አጥፍታችኋል። ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ሰላምታው እመለሳለሁ፦ ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ፣ እግርዎ በአዲሱ የእብነ በረድ መንገድ ላይ እንዳያዳልጥዎ፣ ዓይንዎንም ከጀልባችን የተሻለ ዕድል እንዲገጥመው ከልብ እመኛለሁ።

ላም ቫን ቱት እባላለሁ፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሃምሳ ዓመት ብስክሌት ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ሙያውንም ያስተማረኝ የለም። ወንዝ ዳር ተወልጄ መቅዘፍ አለመቻሌ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነውሬ ነው። የምትቀዝፈው ባለቤቴ ሱዋን ነበረች፤ እኔ እንደ ሩዝ ከረጢት መሐል ላይ እቀመጣለሁ። ዘንድሮ ግን ትከሻዋ አልታዘዝ አላት። የእናቷ ሙት ዓመት ደግሞ የሚታሰበው ከወንዙ ማዶ፣ በእህቷ በቱየት ቤት ነው፤ ሱዋን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልቀረችም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. የማሻገሪያውን ጀልባ ማቆሚያ ሰባት ኪሎ ሜትር አርቃችሁ፣ በቦታው ሰው ፎቶ የሚነሳበት ትልቅ ቀይ ልብ ስላቆማችሁልን እናመሰግናለን። መሻገር ላቃተው ሰው፣ ማዶውን ከጀርባው አድርጎ ፎቶ መነሳት መጽናኛ ነው።

፪. ለአረጋውያን በነጻ የሰጣችሁትን የመዝናኛ ጀልባ አነዳድ ትምህርት አንድ ቀን ሳልቀር ተከታትያለሁ። እኛ እዚህ የምንቀዝፈው ቆመን፣ ፊታችንን ወደምንሄድበት አድርገን ነው። ከውጭ ያስመጣችኋቸው ጀልባዎች ግን ተቀምጦ፣ ጀርባን ለመድረሻው ሰጥቶ መቅዘፍን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከሱቄ አንድ ስፖኪዮ አምጥቼ ጀልባው ላይ አሰርኩ። አስተማሪያችን ዲየው፣ ትዕግሥተኛ ልጅ ናት፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ሞተር ብስክሌት አይደለም!» አለችኝ። «አውቃለሁ ልጄ፤ ሞተር ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ማንም ወደ ኋላ ዞረህ ንዳ አይለኝም ነበር» አልኳት። የምስክር ወረቀቱን ተቀብያለሁ። በሱዋን ጀልባ ላይም መቀመጫ መትቼ ስፖኪዮውን አዛወርኩት።

፫. ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀለም ቀቢዎቻችሁ መጥተው፣ ዳር ላይ የታሰረውን ጀልባ ሁሉ «ለወጥ ገጽታ» ሲባል ነጭ ቀቡት። ጀልባው መንገዱን የሚያይባቸውን፣ የሱዋን አባት ከፊት ለፊቱ በእጁ የሣላቸውን ዓይኖች ጭምር። ባለቤቴ ወርዳ አየችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ዕውር ጀልባና ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀዝፍ ሽማግሌ! ከሁለታችሁ መንገዱን የሚያየው የትኛው ነው?» አለች።

«መስታወት አለኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ከመስታወትህ ጋር ሂዳ!»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለልምምድ ብቻዬን ወጣሁ። ቶሎ ተመለስኩ።

፬. ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ዓይኖቹ እንዲመለሱ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ መዝገቡን አገላብጣ፣ «አባባ፣ ዓይን ከተፈቀዱት ምልክቶች ውስጥ የለም፤ ቁጥር ግን መለጠፍ ይችላሉ» አለችኝ። አርባ ሰባት ቁጥር ደረሰን። አርባ ሰባት ቁጥር ያያል ወይ ብዬ ብጠይቃት ፊቷን በመዝገቡ ከለለች፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋ ይታይ ነበር። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ።

ከዚያ የብስክሌት ቀለሜን አውጥቼ ዓይኖቹን ራሴ ሣልኩ። የግራው ደህና ወጣ፤ የቀኙ ትንሽ ወደ ሰማይ ያያል። ሱዋን ጎንበስ ብላ መረመረቻቸውና «አንዱ ሸውራራ ነው» አለች። ቀጥላ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

በሙት ዓመቱ ዕለት ለመሻገር እሷ የምትፈጀውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ፈጀሁ። ቱየት ከማዶ ሆና «ጉድ በሉ፣ የሩዝ ከረጢቱ ይቀዝፋል!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። በእናታቸው ፎቶ ፊት የቀረበው፣ በሸክላ ድስት የበሰለው ዓሣ ግን ስንደርስ ገና ትኩስ ነበር። አርባ አንደኛው ዓመት አልተጓደለም።

አሁን ደግሞ ዓይኖቹን እስከ ዓርብ ካላጠፋሁ ሠራተኞችዎ መጥተው እንደሚያጠፏቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። አላጠፋም። ጀልባው በተለመደው ቦታ ታስሯል። ሱዋን ዓርብ ከንጋት ጀምራ ምሳዋን ይዛ ትቀመጥበታለች፤ ሠራተኞችዎ ተነሺልን ብለው ሊጠይቋት ይችላሉ። እኔ በበኩሌ በአምሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም።

ወጥ ገጽታ ያልፈጠረበት፣ በራስዎ ማኅተም የተመሰከረለት ቀዛፊ፣
ላም ቫን ቱት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንዙ ላይ ባቆማችሁት ተንሳፋፊ መድረክ የነበረውን ባለ ሎተስ አበባ መብራት በዚያ ማክሰኞ የሰበረው ማን እንደሆነ በድምፅ ማጉያ እየጠየቃችሁ መሆናችሁን ሰምቻለሁ። በዕለቱ ጀልባው ዓይን አልነበረውም፤ ማን እንዳጠፋበት ከላይ ገልጫለሁ። ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር ለእናንተም ሆነ ለሌላ ሰው እስክሞት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፍስም።