ያለ ፌርማታዋ የወረደችው

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቴ ነው። ሌላውን አትጠይቂኝ።

ስትደውዪ ስልኩን ለባለቤቴ የማቀብለው አኩርፌሽ እንዳይመስልሽ። «ልጅሽ ምን ትመስላለች?» ስትዪኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። በደንብ አላየኋትማ።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ነው። የኮት እጅጌ ስገጥም ውሃ ጠብ ጠብ ይለኝ ጀመር። የስፌት ቤቱን ሴቶች ታውቂያቸው የለ፣ ሁሉም ወልደው የጨረሱ ናቸው። «ሽንት ነው ባክሽ፣ የልጅሽ ጭንቅላት ፊኛሽን ሲጫነው ነው» ብለው ሳቁብኝ። «ብቻ ኮቱን እንዳታበላሺብን!» አለች ጨርቅ ቆራጯ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ቆይቶ ብርድ ብርድ ሲለኝ ቁልፍ ያልተተከለላቸውን ኮቶች ደራረቡብኝና መስፋቴን ቀጠልኩ። ወደ ማምሻው ሰውነቴ በትኩሳት ጋለ። በዚያው ሌሊት እዚህ ሆስፒታል ተወለደች።

ለካ የእንሽርት ውሃ ኖሯል። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ሕፃኗ የነበረችበት ከረጢት ተቀዶ፣ በተቀደደው በኩል ጀርም ገብቶ አብጧል። ብግነት ይሉታል። ምጡን ያለጊዜው ያመጣው እሱ ነው፤ ለሕፃን ሳንባና አንጎልም ሊተርፍ ይችላል አለችኝ። ጭንቅላቷን በአልትራሳውንድ አይተው እስካሁን ክፉ ነገር አላገኙም። ሳንባዋ ግን ገና ነው፤ ትትረፍ አትትረፍ የሚነግረኝ የለም። «የማንም ጥፋት አይደለም» አለችኝ። እሺ አልኳት። አሁን ሁሉንም ነገር እሺ ነው የምለው።

ባለቤቴ የሚነዳውን አውቶቡስ አቁሞ በመጣ ቁጥር እጁን በማሞቂያ ሳጥኗ መስታወት ቀዳዳ አስገብቶ ፌርማታዎቹን አንድ በአንድ ይጠራላታል። «አንቺ ያለ ፌርማታሽ የወረድሽ ተሳፋሪ!» ይላታል። ነርሶቹ ይስቃሉ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል። እኔ ቆሜ አየዋለሁ። እማዬ፣ ምንም አይሰማኝም። እሷን ሳይ የጎረቤት ልጅ የማይ ይመስለኛል። ወተቴን አልቤ አቀብላቸውና ወንበሬ ላይ እመለሳለሁ።

ትናንት አንዲት ቆጣ ቆጣ የምትል ነርስ መጣችና «ደረትሽ ላይ ላስተኛልሽ ነው፣ ቁልፍሽን ፍቺ» አለችኝ።

«ይቅርብኝ እህቴ፣ እኔ ምንም አይሰማኝም» አልኳት።

«ይሰማሽ ማን አለሽ? ቁልፍሽን ፍቺ።»

ከነኦክስጅን ቱቦዋ አምጥታ አስተኛችልኝ። ከአንድ የኮት እጅጌ አትከብድም። ፀጉር አላት፣ ጆሮዋ ስስ ነው፣ አገጯ የአባቷ ነው። ይኸውልሽ፣ ምን ትመስላለች ላልሽኝ። እንባዬን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። እሷ ግን ስታቃስት ቆይታ ድንገት ዝም አለች። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለው ማሽንም አብሮ ዝም አለ።

«ሞተችብኝ! ኧረ ልጄ ሞተችብኝ!» ብዬ ክፍሉን በጩኸት አናጋሁት።

ነርሷ ሮጣ መጥታ ማሽኑን አየች። «ምን ሆነሽ ነው? ተኝታ እኮ ነው፤ ማሽኑ የሚጮኸው ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። እንዲያውም ኦክስጅኑን ልቀንስላት፤ አንቺ ላይ ስትሆን በደንብ ትተነፍሳለች» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስኪያነሷት ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ዛሬም ሲጠሩኝ እገባለሁ።

በይ እማዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስትጸልዪ ለእሷ ትንፋሽ ለምኚላት። ለእኔ ደግሞ እንባ ለምኚልኝ።

ልጅሽ ሚጢጢ