«ተነሺ!» ለአራት ድምፅ

ሰኞ፣ ጥር 6
ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስዘመዝም ዋልኩ። ማታ ትንሿ ልጄ፣ «እማዬ፣ ሐሙስ መዘምራን የእህቴን ሙዚቃ በአዳራሽ ሊዘምሩ ነው። ትሄጃለሽ አይደል?» አለችኝ።
ታላቋ ልጄ ንቢት ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ንቢት ያልኳት እኔ ነኝ፤ ጡት እየጠባች እንኳ ታንጎራጉር ነበር። አድጋ የሙዚቃ ደራሲ ሆነች። የምትጽፈው ግን አይገባኝም ነበር... ከዜማው ዝምታው ይበዛል። ጥቁሬን ለብሼ እሄዳለሁ። ለቅሶ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ሐሙስ፣ ጥር 9
አሁን ከአዳራሹ ገባሁ፤ ዛሬ አልጽፍም። ነገ።

ዓርብ፣ ጥር 10
ሳቁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቀ!
አራት ዘማሪዎች ወጡ። አንዱ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ተነሺ!» አለ። ክው አልኩ። እኔ ነኝ! አጠራሬ፣ ትንፋሼ፣ ሳሌ ሳይቀር። «ፀሐይ አናትሽ ላይ ወጣች! ውሃው ቀዘቀዘ! አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ገደልሽኝ!» አንዱ ያዛጋል፣ አንዷ ታንኮራፋለች፤ ሁሉም በዜማ። ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የገዛ ልጄ መሳቂያ አደረገችኝ?
መጨረሻ ላይ የምታንኮራፋዋ ቀጭን ድምፅ አወጣች። «አቤት፣ እማዬ።»
ንቢት ጠዋት ስቀሰቅሳት አቤት ብላኝ አታውቅም። ብርድ ልብሱን ትከናነባለች እንጂ። ተኝታ አልነበረም ማለት ነው? ሁሉን ትሰማ ነበር?
ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11
የመዘምራኑ መሪ እኛ ቤት ድረስ መጡ። ትሁት ሴት ናቸው።
«እትዬ፣ ለሬዲዮ ልንቀዳው ነበር። ያለ እርስዎ ፈቃድ ግን አናደርገውም።»
«ልጄን ቀብሬ አገር ይሳቅብኝ? አይሆንም!»
ደንግጠው ሄዱ። ትንሿ ሸኝታቸው ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ሌላው ሥራዋ ሁሉ ሐዘን ነው፣ እማዬ። የጻፈችው ቀልድ ይሄ ብቻ ነው። በይ እሱንም ቅበሪው!» በሩን ድርግም አድርጋ ገባች።
እኔ ነኝ ቀባሪዋ?

ረቡዕ፣ ጥር 15
ትንሿን አስከትዬ ልምምዳቸው ላይ ሄድኩ። እንደገና ልስማውና እዚያው ቁርጡን ልንገራቸው ብዬ። ወፍራሙ ሲያየኝ ድምፁ ጠፋ።
«ምነው? ዘምር እንጂ!»
«ኧረ እማማ... እርስዎ ፊት እርስዎን ልሁን?»
«ከኔ የምትለየው በጢምህ ነው። ቀጥል!»
ሳቅ አመለጠኝ። የኔ ሳቅ! አፌን ያዝኩ። ሐዘንተኛ ይስቃል? ትንሿ በድንጋጤ አየችኝ፤ ከዚያ እሷም ሳቀች፣ አለቀሰች። ዘመሩት። «አቤት፣ እማዬ» ሲባል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ሳቁ ግን አልቆመም። እንዲህም ይሆናል?
ለመዘምራኑ መሪ «ይቀዳ» አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 21
ትንሿ ትምህርት ልታረፍድ ሆነ። ንቢት ካለፈች ጀምሮ በዚህ ቤት ጮክ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም፤ በሯን አንኳኩቼ መሄድ ብቻ። ምነው ቢሉ... መልስ ማጣቱን ፈርቼ ነው።
ዛሬ በሯን ከፍቼ ሳላስበው «ተነሺ!» አልኩ። ራሴው ደነገጥኩ። ቆሜ ጠበቅኩ። መልስ የለም። ብርድ ልብሱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል...
ደግሜ ጮህኩባት።